ከመድረኩ ጀርባ ያለው በር

ሐዋሳ ላይ ዝግጅት ሲሰናዳ አካል ጉዳተኛው ተመልካች በትንሹም ቢሆን መታሰብ ጀምሯል። ፊት ለፊት በሚገባው በር ላይ በሲሚንቶ የተለሰነ ተዳፋት ይሠራል፣ ከአንደኛው ረድፍ ሁለት ወንበር ተነስቶ ለዊልቸር ቦታ ይለቀቃል፣ የመክፈቻው ንግግር ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቆማል። ወደ መድረኩ ጀርባ ስትዞሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መልበሻ ክፍሉ አራት አምስት ደረጃ ተወርዶ ነው። ወደ መድረኩ የሚያወጣው በር ሰባ ሴንቲሜትር አይሞላም። ድምፅና መብራቱ የሚታዘዘው በብረት መሰላል ከሚወጣ ቆጥ ላይ ነው። አዳራሹን ያሠራው ሰው አካል ጉዳተኛ መጥቶ ያያል እንጂ መጥቶ ይሠራል ብሎ አላሰበም።

ሥራው መጀመር ያለበት ከዚህ ከኋላው በር ነው ባይ ነኝ። የፊቱ በር ሲስተካከል ተመልካች ይገባል። የኋላው ሲስተካከል ዘፋኙ፣ ተወዛዋዡ፣ አዘጋጁ፣ የድምፅ ባለሙያውና ፕሮዲዩሰሩ ይገባሉ። እነሱ አንዴ ከገቡ የፊቱን በር ማንም ሳይጎተጉታቸው ያሠሩታል።

ሕጉ አለ። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉም መግቢያ ሊኖረው እንደሚገባ ደንግጓል፤ መጸዳጃ ቤቱንም አልዘለለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 ስለ ባህላዊ ሕይወት ሲያትት ተመልካችነት ላይ አይቆምም። አካል ጉዳተኛው የራሱን የፈጠራና የጥበብ አቅም የሚያዳብርበትና የሚጠቀምበት ዕድል ይመቻችለት ይላል፤ ይህም ለእሱ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡንም ለማበልጸግ ነው ይላል። ወረቀቱ ላይ ብዙ የሚነቀፍ የለም። የጠፋው ሜትር ይዞ የሚለካ ሰው ነው።

እንግዲያው እንለካ። ለዊልቸር የሚሆን ራምፕ ተዳፋቱ 1 ለ 12 ነው፤ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ማለት ነው። ከበሩ ሥር ላለች 15 ሴንቲሜትር ደረጃ 1.80 ሜትር ይበቃል። ብዙ አዳራሾች ላይ የሚገኘው ዓይነት 90 ሴንቲሜትር መድረክ ግን 10.80 ሜትር ይፈልጋል፤ ከፍታው ከ75 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ደግሞ መሃል ላይ 1.50 ሜትር ሜዳ ማረፊያ ያስፈልገዋልና ከ12 ሜትር በላይ ይሆናል። ይህን ሲሰሙ አብዛኞቹ አዘጋጆች «ቦታ የለም» ብለው ሦስት ሜትር ያሠራሉ። ሦስት ሜትሩ ከራምፕነት ይልቅ ወደ መንሸራተቻ ይጠጋል። ሲወጣ ሁለት ሰው መግፋት አለበት፤ ሲወረድ ደግሞ ተጠቃሚው ወደ ፊት ይደፋል። መጥፎ ራምፕ ከምንም ይሻላል የሚባለውን አልቀበልም። ምንም ከሌለ ሰው ይጠነቀቃል፤ መጥፎ ራምፕ ግን አምኖት የወጣውን ይሰብራል።

ቦታ ከሌለ የሚቀንሰው የመድረኩ ከፍታ ነው። ተመልካቹ ከሁለት መቶ የማይበልጥ ከሆነ 40 ሴንቲሜትር መድረክ ይበቃል፣ ራምፑም 4.80 ሜትር ይሆናል። ወይም መድረክ የሚባለውን ትቶ ወለሉ ላይ መሥራትና ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ማድረግ ነው። ለውዝዋዜም ለአጭር ቴአትርም ይህ የተሻለ ነው፤ የሲዳማው ባህላዊ ጭፈራ ቄጣላስ መች መድረክ ፈልጎ ያውቃል፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ነው።

ራምፑን ለአናጢ ስታሠሩ ኮምፔርሳቶው 18 ሚሊሜትር ይሁን፤ ከሥሩ በየ40 ሴንቲሜትሩ ሞራሌ ይግባበት። ቀጠን ካለ መሃሉ ይረግባል፣ የፊት ጎማዎቹ እዚያ ይቆማሉ። አንድ ኮምፔርሳቶ 2.44 በ1.22 ሜትር ስለሆነ ለ90 ሴንቲሜትሩ መድረክ ከነማረፊያው ስድስት ይፈጃል። ከግራና ከቀኝ ጠርዙ ላይ ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ጣውላ ይመታ፣ ጎማ እንዳያመልጥ። መደገፊያው ብየዳ ቤት ከቱቦላሬ ይሠራ፣ ቁመቱ 90 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ በሁለቱም ወገን፤ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ አንድ እጁ የማይሠራለት ሰው ወይ ሲወጣ ወይ ሲወርድ ባዶ ይይዛል። ላዩ ቀለም ሲቀባ ሳይደርቅ ደረቅ አሸዋ ይበተንበት። ክረምት ላይ የባጃጅና የጫማ ጭቃ ይዞ የገባ ሰው የተቀባ ኮምፔርሳቶ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ አይደለም። ሙሉውን ምንጣፍ ማልበስ ድምፁን ይቀንሳል (ጎማ በባዶ እንጨት ላይ ሲሄድ ከበሮ ነው፣ ጸጥ ያለ ትዕይንት ይገድላል)፤ ግን ምንጣፉ ጥግ ጥጉ ብቻ ከተመታ ይሸበሸብና ጎማ ስለሚይዝ ዙሪያውንም መሃሉንም መመታት አለበት። መጋጠሚያዎቹ ላይ ከአንድ ሴንቲሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክፍተት ካለ የፊቷ ትንሽ ጎማ ትገባለች። መድረኩ ላይ ተጋድሞ የሚያልፍ የድምፅ ገመድም እንዲሁ ያቆማታል። ገመዱ በመድረኩ ጀርባ ይዙር።

«አራት ወጣቶች ያነሱታል» የሚለው መፍትሔ ይቅር። ሰውና ዊልቸር አንድ ላይ ከመቶ ኪሎ በቀላሉ ያልፋል፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ከተሰናከለ የሚወድቀው ተሸካሚው አይደለም። ደግሞም በሰው እቅፍ መድረክ የወጣ ዘፋኝ ገና አፉን ሳይከፍት ተመልካቹ አዝኖለታል። ያዘነ ተመልካች ያጨበጭባል እንጂ አይሰማም።

ስለ መጸዳጃ ቤት መጻፍ ብዙ ሰው ያፍራል። ልምምዱን ከሁሉም በላይ የሚያበላሸው ግን እሱ ነው። በዊልቸር የሚሄድ ባለሙያ የሚገባበት መጸዳጃ እንደሌለ ካወቀ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አይጠጣም። የሐዋሳ ከሰዓት ሙቀት ከመድረክ መብራት ጋር ሲደመር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሱን ያመዋል፣ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። አዘጋጁም «ዛሬ ምን ሆኗል?» ይላል። የአከርካሪ ጉዳቱ ከደረት ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ሰውነቱ በላብ ራሱን በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ሙቀቱ ከሌላው ይልቅ ይጎዳዋል፤ ፋን፣ እርጥብ ፎጣና ከመብራቱ ውጪ የሚቆይበት ቦታ ከልምምዱ ጋር መታቀድ አለባቸው። የመጸዳጃው በር ንጹሕ ስፋቱ 80 ሴንቲሜትር፣ ውስጡ ዊልቸር የሚዞርበት 1.50 ሜትር ዲያሜትር፣ ከመቀመጫው አጠገብ የብረት መያዣ። ይህ ከሌለና አዳራሹ የተከራየ ከሆነ ጊዜያዊ ዘዴ አለ፦ የበሩን መዝጊያ ከማጠፊያው ነቅሎ ወፍራም መጋረጃ መስቀል። የመዝጊያው ውፍረትና ማጠፊያው ብቻ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲሜትር ይበላሉ፤ ስንት ጊዜ የሚያግደው እሷው ናት። በእጅ የሚሽከረከረው ባለሦስት ጎማ ግን በዚህም አይገባም፣ ሰፊ ነው። እሱን ለሚጠቀም ሰው አዳራሹ ውስጥ የሚዘዋወርበት ጠባብ ዊልቸር በር ላይ ይጠብቀው፤ ባለሦስት ጎማውም በጥበቃ ይቀመጥ፣ የሰውየው እግር ነውና ዝናብ ላይ አይጣል።

ወደ ዓይነ ስውር ባለሙያ ስንመጣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው። የሚያስፈልገው ዲሲፕሊን ነው። ዘዴው የታወቀ ነው፦ ከመድረኩ ፊት ጠርዝ 60 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ ሲባጎ ይዘረጋና በሰፊ ፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጠፋል። ስስ ሶል ያለው ጫማ ያደረገ ተዋናይ ሲረግጠው ያውቀዋል። ማይክራፎኑ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ካሬ ሜትር የማትሞላ ቁራጭ ምንጣፍ ትለጠፋለች፤ ምንጣፏ ላይ ከቆመ ደርሷል ማለት ነው። የጀርባው አቅጣጫ እንዳይጠፋው ከበስተኋላው አንድ የማይቋረጥ የድምፅ ምንጭ ይኖራል፣ ባንዱ ራሱ ወይም ወደ መድረኩ የዞረ አንድ ሞኒተር (ባለሙያው ድምፁን የሚሰማበት ስፒከር)። ልምምዱ ሌላ ክፍል ውስጥ ከሆነ የመድረኩ ልክ በዚያው መጠን ወለሉ ላይ በሲባጎ ይሠራል፤ እርምጃ ቆጥሮ የሚንቀሳቀስ ሰው የተለማመደው ስምንት እርምጃ መድረኩ ላይ ስድስት ከሆነበት ሰባተኛው ከጠርዙ ውጪ ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈርሰው በአንድ ሰው እጅ ነው። ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ፍተሻው) ካለቀ በኋላ፣ ሰው እየገባ ሳለ፣ ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ፉጨት ይሰማና ሞኒተሩን ግማሽ ሜትር ወደ ግራ ያዞረዋል፤ ወይም የማይክ ስታንዱን «ከመንገድ ላይ» ያነሳዋል። ክፋት የለውም፣ ሥራው ነው። ዘፋኙ ግን ያንን ሞኒተር እንደ ምሰሶ ይዞታል። ስለዚህ የስታንዱም የሞኒተሩም እግር ወለሉ ላይ በፕላስተር ይከበባል፤ ከሳውንድ ቼክ በኋላ የሚነካ ካለ ለመድረክ መሪው ይነግራል፣ መድረክ መሪውም ለባለሙያው በቃል ይነግረዋል። ሲመሩትም ክንዱን ይዞ መጎተት የለም፤ ክርናችሁን ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ይይዛል፣ ግማሽ እርምጃ ከኋላችሁ ይከተላል።

ድርሰቱ እንዴት ይደርሰዋል? በብሬል ከሆነ አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ አንድ የታተመ ገጽ በብሬል ብዙ ገጽ ይወጣዋል፣ ወረቀቱም ወፍራም ነው፣ መድረክ ላይ ይዞ መዞር አይቻልም። ብዙዎች የሚመርጡት ቀረጻ ነው። ሌላው ተዋናይ የሚናገረው ተቀርጾ የእሱ ቃል የሚገባበት ቦታ በዝምታ የተተወበት አንድ ፋይል፣ ሙሉው የተነበበበት ሌላ ፋይል፣ በቴሌግራም ይላካሉ። አንባቢው እንዳይተውን ንገሩት። ድርሰቱን ያነበበው ሰው ስሜት ከጨመረበት ተዋናዩ የዚያን ሰው ትወና ነው የሚያጠናው።

መስማት ለተሳናቸው ተዋናዮችና ተወዛዋዦች ያለው ችግር ከዚህ የተለየ ነው፤ ገንዘቡም ከበድ ይላል፣ ምክንያቱም የሰው ጉልበት ነው። አስተርጓሚ አንድ አይበቃም። በየ20 ደቂቃው ገደማ የሚቀያየሩ ሁለት መሆን አለባቸው፤ ከዚያ በላይ አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራ እጁ ሳይሆን አእምሮው ይደክማል፣ መዝለል ይጀምራል። የሚዘለለው ደግሞ ሁልጊዜ ቀልዱና ተረቱ ነው። ድርሰቱ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይድረሳቸው። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም በዕለቱ ተሰጥቶት «ተርጉም» የሚባል አስተርጓሚ ሰሙን ብቻ ቢያሳይ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ወርቁን ምን ዓይነት ምልክት እንደሚሸከመው መስማት ከተሳነው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መፈለግ አለበት። በአማርኛው የጣት ፊደል የእጅ ቅርጹ ተነባቢውን ይይዛል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል። ስለዚህ በስም ላይ የተመሠረተ ጨዋታ በጣት ፊደል ይሠራል፤ ግን በዝግታ ነው፣ መድረኩ ላይ ያለው ተዋናይ ሊጠብቀው ይገባል።

ይህ መጠበቅ የሚባለው ነገር ለአዘጋጁ ዋናው ትምህርት ነው። ትርጉሙ ከንግግሩ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይዘገያል። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሳቅ አለ ማለት ነው፣ የሚሰማው ይስቃል፣ ቀጥሎ የማይሰማው ይስቃል። ተዋናዩ ከመጀመሪያው ሳቅ በኋላ ወዲያው ከቀጠለ ሁለተኛው ወገን እየሳቀ የሚቀጥለው ያመልጠዋል። ልምምድ ላይ ሁለቱም እንዲለመድ አስተርጓሚው ከመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን ከመሃሉ ጀምሮ መኖር አለበት።

የት ይቁም? ጥግ ላይ፣ ከባነሩ ሥር፣ ተመልካቹ አንገቱን እንደ ቴኒስ ተመልካች በሚያመላልስበት ቦታ አይሁን። ተዋናዮቹ ካሉበት አጠገብ፣ በአንድ ዕይታ ሁለቱም በሚታዩበት። ልብሱ አንድ ወጥ ቀለም ያለው፣ ከእጁ ቆዳ የሚለይ ይሁን፤ ጥለት ያለው የባህል ልብስ ያምራል፣ እጅ ግን ይውጣል። ትዕይንቱ ሲጨልም የእሱ መብራት አይጠፋም፤ ደብዛዛ ትሁን እንጂ ትኑር፣ ያለዚያ መድረኩ ሲጨልም ቋንቋውም ይጠፋል። መብራት ኃይል የሚያጠፋውም ጨለማ አለና ይቺ አንዷ መብራት ቻርጅ የምትደረግ ብትሆን ይመረጣል። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ወይም ሌላ የሐይቁ ዳርቻ ላይ ማታ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ትንኙ ሁሉ ወደዚያች ብርሃን ይመጣል፤ አስተርጓሚው ፊቱን ሲያርገበግብ የፊት ገጽታው የሰዋስው አካል ስለሆነ ትርጉሙ ይበላሻል። ትንሽ ፋን ከእግሩ ሥር ይበቃል።

መስማት ለተሳነው ተወዛዋዥ ምቱን በእግር መስጠት ይቻላል፤ ወለሉ እንጨት ከሆነ። ሲሚንቶ ወለል ንዝረት አያስተላልፍም፣ ስፒከር ቢከመርበትም። ኮምፔርሳቶ ከሞራሌ በላይ ተዘርግቶ፣ የባሱ ስፒከር ፊቱን ወደ ወለሉ ተደፍቶ ወይም ከወለሉ ጋር ተጠግቶ ሲቀመጥ ግን ምቱ በተረከዝ ይገባል። ቆዳ በደንብ የሚያውቀው ዝቅተኛውን ድምፅ ነው፣ ከሁሉ በላይ 250 ኸርዝ አካባቢ ያለውን፤ ወደ 1000 ሲጠጋ ያበቃለታል። ስለዚህ ክራርና ዋሽንት በወለል አይደርሱም፣ ከበሮ ይደርሳል። ዜማውን ሳይሆን ምቱን ይዞ የሚሠራ ኮሪዮግራፊ ያስፈልጋል፤ የመዞሪያ ምልክቶቹ በብርሃን ወይም ከፊት በቆመ ሰው ይሰጣሉ። ተወዛዋዡ ፊቱን ካዞረ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ካለ አጠገቡ ያለው በትከሻ ንክኪ ያቀብለዋል፤ ንክኪው ራሱ የውዝዋዜው አካል ተደርጎ ይቀረጻል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የነበረውን የዳንስ ቡድን አዱኛን ማንሳት ተገቢ ነው። እንግሊዛዊው አዳም ቤንጃሚን በ1991 እ.ኤ.አ. ካንዶኮ የተባለውን፣ አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው ዳንሰኞች አንድ ላይ የሚሠሩበትን ቡድን ከሰለስት ዳንደከር ጋር ከመሠረተ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ከአዱኛ ዳንሰኞች ጋር ሠርቷል። ከዚህ መስመር የምወስደው አንድ የአሠራር ነገር አለ፦ እርምጃውን ከቋሚው ሰው ቀድቶ ለዊልቸሩ «ማቅለል» አይሠራም፣ ሁልጊዜ የጎደለ ይመስላል። የሚሠራው ሐሳቡን መስጠት ነው፤ «ከፍ በል፣ ተዘርጋ፣ ተመለስ» ብሎ እያንዳንዱ አካል በራሱ እንዲመልሰው። እስክስታ ከወገብ በላይ ነው፣ የሚቀለው ነገር የለበትም። የኪንሻሳው ስታፍ ቤንዳ ቢሊሊም በፖሊዮ የተጎዱ ሙዚቀኞች ባለሦስት ጎማቸው ላይ ሆነው የተጫወቱበት ባንድ ነው፤ በዓለም የታወቀው ድምፁ ግን ሮጀር ላንዱ ከወተት ቆርቆሮ፣ ከአንድ ሽቦና ከተለመጠ እንጨት የሠራው አንድ አውታር ያለው መሣሪያ ነው። ሰዎች ስለ ጎማው ያወራሉ፤ እኔ ስለ ቆርቆሮው ባወራ ይሻለኛል።

በስክሪን ላይ ጽሑፍ ማሳየት ከአስተርጓሚ ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም፤ የምልክት ቋንቋ የመጀመሪያ ቋንቋው የሆነ ሰው አማርኛ ማንበብ ሁለተኛው ነው። ቢሆንም በዕድሜ መስማት ለደከሙት ይጠቅማል። ሁለት መስመር፣ አይበልጥ። ፊደላችን ላይ የተለየ ችግር አለ፦ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት በአናት ላይ ባለች ሰረዝ ነው። ደካማ ፕሮጀክተር ላይ ሰረዟ ትጠፋለች። ፊደሉ ወፍራም ይሁን፣ ነጭ በጥቁር ላይ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ሆኖ አንድ ሰው ያንብበው። ሲዳምኛ አብሮ የሚወጣ ከሆነ በላቲን ስለሚጻፍ አንድ ስክሪን ላይ መደራረብ ዓይን ያደክማል፤ ግራና ቀኝ ሁለት ስክሪን ይሻላል።

አሁን ወደ ስቱዲዮው። ዓይነ ስውር የሙዚቃ ፕሮዲዩሰር ብዙ ሰው የሚገምተውን ያህል ብርቅ ነገር አያስፈልገውም። ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር፣ ነፃ ነው። ሪፐር የሚባለው የቀረጻ ሶፍትዌር ኦሳራ ከተባለው ነፃ ተጨማሪ ጋር ሲጫን ከመቅረጽ እስከ ሚክስ ያለው ሁሉ በኪቦርድ ይሠራል፣ ማውስ አይነካም። የሚያስቸግረው ድምፁን መለየት ነው። ስክሪን ሪደሩ የሚናገረውና ሙዚቃው በአንድ ሳውንድ ካርድ ከወጡ፣ ዘፋኙ ጆሮ ላይ «ትራክ ሦስት፣ ሚዩት» የሚል የሮቦት ድምፅ ይገባበታል፤ ከሄድፎኑ አፈትልኮም ማይኩ ውስጥ ይቀረጻል። መፍትሔው ስክሪን ሪደሩን በኮምፒውተሩ የራሱ ሳውንድ ካርድ፣ ሪፐርን ደግሞ በውጪ ኢንተርፌስ (ከኮምፒውተሩ ጋር በሚገናኝ የተለየ የድምፅ መሣሪያ) ማውጣትና ፕሮዲዩሰሩ በአንድ ጆሮው ትንሽ የስልክ ማዳመጫ፣ በሌላው ዋናውን እንዲሰማ ማድረግ ነው። የትራክ ስሞች በግዕዝ ፊደል ተጽፈው ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ ድምፅ ላይ ከተቀመጠ በትክክል አያነባቸውም፤ ጽሑፍን ወደ ንግግር በሚቀይረው ኢስፒክ ውስጥ የአማርኛ ድምፅ አለ፣ ግን በየጊዜው ከመቀያየር ብዙዎች የትራክ ስም በላቲን መጻፍን ይመርጣሉ። ሌላ ሰው የላከው ፕሮጀክት ውስጥ «ኦዲዮ 1፣ ኦዲዮ 2» እያለ አርባ ትራክ ቢመጣ ግን ለማንም ጭንቅ ነው፤ ለእሱ ግማሽ ቀን ነው። ላኪዎች፣ ስም ስጡ።

ሚክሰር ሲገዛ በጣት የሚነካ ስክሪን ያለው ዘመናዊ ነው ተብሎ ይገዛል። ለዓይነ ስውር ባለሙያ መስታወት ነው። ቁልፍና ፌደር (እየተገፋ ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ መቆጣጠሪያ) ያለው የድሮው ይሻላል፤ ዜሮው ላይ የጥፍር ቀለም ጠብታ ይደረግበታል፣ ሲደርቅ በጣት ይታወቃል።

ውል ላይ ደግሞ ብዙ ፕሮዲዩሰር የማያውቀው አንድ አንቀጽ አለ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 የዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ሥልጣን ባለው ሹም ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ሰውየውን አያስገድደውም ይላል። ጥበቃ ነው፤ ያላነበበውን ወረቀት ስቱዲዮ ውስጥ አስፈርመው ዜማውን እንዳይወስዱበት። በሌላ በኩል የተማረውን፣ ውሉን በስክሪን ሪደር ሦስት ጊዜ ያነበበውን ፕሮዲዩሰር ካልተማረ ሰው ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እሱ ሌላውን ሲያስፈርምም ውሉ እንዲጸና ሰነድ ወደሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት መሄድ አለበት። ያም ሆነ ይህ፣ ሂዱ። ውሉ ቀድሞ በዎርድ ፋይል ይላክለት። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶ ነው፣ ስክሪን ሪደር ዝም ይልበታል። የተረጋገጠው ቅጂ ከተላከው ፋይል ጋር አንድ መሆኑን የሚያነብለትን ሰው ደግሞ እሱ ራሱ ይምረጥ።

ከሐዋሳ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ከአዲስ አበባ ወደዚህ የሚመጣ ቡድን ካለ ሆቴሉን በስልክ «ለዊልቸር ይመቻል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። የሚጠየቀው ፎቶ ነው፦ የመኝታ ክፍሉ በርና የመታጠቢያው በር፣ ሁለቱም ላይ ሜትር ተዘርግቶ ቁጥሩ በሚነበብበት ሁኔታ። ክፍሉ ምድር ላይ ይሁን፣ ሊፍት ቢኖርም፤ መብራት ሲሄድ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ተዋናይ ወደ መድረክ አይመጣም። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ በመሆኗ አስፋልቱ ላይ ዊልቸር ጥሩ ይሄዳል፤ ውስጥ ለውስጥ ያለው ኮብልስቶን ግን ትንሿን የፊት ጎማ ያንገላታል። ከሆቴል እስከ አዳራሽ ያለው መንገድ ቀድሞ ይታይ፤ የተከፈተ ቱቦ ካለ ሌላ መንገድ ይመረጥ።

ገንዘቡ። አካል ጉዳተኛ ባለሙያ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ኅዳር 24 ቀን፣ የዓለም አካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር ነው። አዳራሹ ተከፍሎበታል፣ ባነሩ ተከፍሎበታል፣ ምሳው ተከፍሎበታል፣ ዘፋኙ ግን «ለራሳችሁ ቀን እኮ ነው» ይባላል። በዚያ ቀን በነፃ የሠራ በጥርም በነፃ ነው የሚጠራው። ዋጋችሁን ንገሩ፤ ጠያቂው ድርጅት የበጎ አድራጎት ነኝ ቢልም ለዲጄው እንደሚከፍል አትርሱ።

አዘጋጆች በበኩላችሁ የተደራሽነት ወጪን «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር አትክተቱት፤ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ከድምፅና ከመብራት ኪራይ ጎን በየስሙ ይጻፍ፦ ሁለት አስተርጓሚ፣ የትርኢቱ ቀን ብቻ ሳይሆን የዝግጅትና የልምምድ ቀናቸውም፤ የራምፑ እንጨትና የአናጢው የእጅ ዋጋ፤ የባጃጅ ኮንትራት፤ የባለሙያው ረዳት። ረዳቱ እንግዳ አይደለም፣ የቡድኑ አባል ነው፤ አበልና አልጋ ይያዝለት፣ ቁጥሩም ከተዋናዮቹ ጋር ይቆጠር። ባጃጁ ላይ የፋይናንስ ሠራተኛው ደረሰኝ ይጠይቃል፣ የባጃጅ ደረሰኝ ደግሞ የለም። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ከፋይናንስ ጋር አንድ ቅጽ ተስማሙበት፦ ቀን፣ ከየት ወደ የት፣ የሹፌሩ ስምና ስልክ፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ ፊርማ። ይህ ካልተደረገ ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ከሦስት ወር በኋላ «ደረሰኝ አምጣ» የሚባለው ባለሙያው ራሱ ነው፤ ሦስተኛው ወር ላይ ደግሞ ሹፌሩን ማን ያገኘዋል።